ግቡን ተማሪው በራሱ ቃል ይጻፈው
ተማሪዎች የትምህርት ግባቸውን የራሳቸው አድርገው እንዲይዙት ከፈለጉ፣ እርስዎ ያዘጋጁትን ግብ ከሰሌዳ ከማስገልበጥ ይልቅ፣ በቅርቡ የታረመላቸውን ፈተና መልሰው ሰጥተው የተሳሳቱባቸውን ጥያቄዎች በስሕተቱ ዓይነት እንዲለዩና ከዚያ ተነሥተው ግባቸውን እንዲጽፉ ያድርጉ። «ሒሳብ አሻሽላለሁ» የሚል ተማሪ ምን እንደሚሠራ ገና አላወቀም፤ «ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ለመልመድ ለ2 ሳምንት በየቀኑ 3 ጥያቄ እሠራለሁ» የሚለው ግን ነገ ደብተሩን ሲከፍት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። አጻጻፉ ቢንሻፈፍም (መምህር ሆኖ እጅን መሰብሰብ ከባድ መሆኑን አልክድም) አያርሙለት። በየሳምንቱ መጨረሻ 5 ደቂቃ ሰጥተው፣ ከግቡ ሥር «የሠራሁት፣ ያቃተኝ፣ የምለውጠው» በሚሉ ርእሶች አጭር ማስታወሻ ይጻፍ፤ ግቡ ከብዶት ከሆነም ቀንሶ የሚጽፈው ራሱ ይሁን።