ልጆቻችን በብስክሌት ተራራ ሲወጡ፦ በጠባቡ መንገድ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው መስከረም ነው። ማክሰኞ፣ ከትምህርት ቤት መልስ። ከዴንቨር በስተ ምዕራብ ግሪን ማውንቴን ላይ የልጄ የተራራ ብስክሌት ቡድን ልምምድ ነበረው። እኔ በፈቃደኝነት ከኋላ ሆኜ እነዳለሁ። እኛ ቁልቁል እየወረድን፣ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ምርኩዝ ይዘው ሽቅብ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ልጅ ሲደርስ ከመንገዱ ወጥተው ሣሩ ላይ ቆሙለት። አመስግኖ አለፈ። ሊመለሱ ሲሉ ሌላ መጣ። ደግመው ወጡ። ደግሞ ሌላ። አሥራ አራት ልጅ እንዲህ እየተንጠባጠበ አለፈ። እኔ ስደርስ ወርጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

“ልጆቹ ጨዋ ናቸው” አሉኝ። “ግን መቼ እንደሚያልቁ የነገረኝ የለም።”

ይህቺ ንግግር ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ስፖርቱን እወደዋለሁ። ልጄ በቅርጫት ኳስ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ተቀምጣ ነው ያሳለፈችው። እዚህ ግን ተቀያሪ የሚባል የለም፤ የመጣ ልጅ ሁሉ ይነዳል። ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆች 1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ማት ፍሪትዚንገር የተባለ የሒሳብ መምህር በበርክሌይ ሃይስኩል ባቋቋመው ክለብ ነው። በ2001 የሰሜን ካሊፎርኒያ ሊግ መጣ። በ2009 ደግሞ ናይካ የሚባለው አገር አቀፍ ማኅበር ተመሠረተ። ዛሬ በመላ አሜሪካ 30 ያህል ሊጎች አሉት፤ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሁሉ መግባት ይችላል። የኛም ልጆች እየገቡ ነው። ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ አረንጓዴውን ማሊያ ከለበሰ ወዲህ ደግሞ የሐበሻ ልጅ ለብስክሌት ያለው ስሜት ሌላ ሆኗል።

ግን እግር ኳስ የራሱ ሜዳ አለው። የዚህ ስፖርት ሜዳ ጡረተኛው የሚንሸራሸርበት፣ ፈረሰኛው የሚያልፍበት፣ ሌላው ውሻውን ይዞ የሚወጣበት ያው መንገድ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ስፋቱ አንድ ሜትር አይሞላም። ኮሎራዶ ውስጥ የውድድሩ ወቅት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው፤ ቀኑ እያጠረ የሚሄድበት ጊዜ። ስለዚህ የየትምህርት ቤቱ ቡድን ሳይመሽበት ወደ እነዚያው ጥቂት መንገዶች ይጎርፋል። መጨናነቁ ልጆቹ ስለበዙ ብቻ የመጣ አይደለም። እኛ አዋቂዎቹም እጃችን አለበት።

በመንጋ መልቀቅ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሠላሳ ልጅ ከአንድ የመኪና ማቆሚያ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ጎበዙ ከፊት፣ ጀማሪው ከኋላ ይቀራል፤ ሰልፉም እንደ ተበጠሰ ዶቃ መንገዱን ይሞላዋል። በእግር የሚሄድ ሰው ከአንዱ ሲያመልጥ ከሌላው ይገጥማል።

ከስድስት እስከ ስምንት በሆነ ቡድን ከፋፍሏቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሁለት አዋቂ ይመደብ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። በቡድኖቹ መሀል አሥር ደቂቃ ያህል ይለፍ። ከተቻለ ደግሞ ግማሹ ከሌላኛው መግቢያ ይነሣ። አሰልጣኞች “ማስተባበሩ ይከብዳል” ይላሉ፤ እውነት ነው ይከብዳል። ግን ሦስት ሳምንት ከተሠራበት ይለመዳል።

ከዚያ በኋላ ቆጠራ አስተምሯቸው። ልጁ ሰው ሲያልፍ “ከኋላዬ አምስት አሉ” ይበል። ቀጣዩ “አራት”። የመጨረሻው “እኔ የመጨረሻ ነኝ፣ አመሰግናለሁ”። እኛ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ይህን ግዴታ አደረግነው። ሰዉ ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። ስንት እንደቀረ የሚያውቅ ሰው ቆሞ መጠበቅ አይከብደውም።

“ያሳልፉን” ብሎ መጠበቅ

ሕጉ አጭር ነው። ብስክሌት ለእግረኛም ለፈረስም ቅድሚያ ይሰጣል። ከብስክሌተኞች መሀል ደግሞ የሚወርደው ለሚወጣው ይቆማል። ልጆች ይህን በቃል ያውቁታል፤ ፍጥነት ላይ ሲሆኑ ይረሱታል። ጨዋ እግረኛ ደግሞ ሁሌ ራሱ ስለሚሸሽላቸው፣ መሸሹ የሱ ግዴታ ይመስላቸዋል። አዋቂው ፊት ለፊት ፍሬን ይዞ ሲቆም ካላዩ አይማሩትም። ንግግር ብቻውን አይበቃም።

ፈረስ ለብቻው ይነሣ። ከከተማ ለመጡ ልጆች ፈረስ አዲስ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ዝም ብለው በዳር ማለፍ ትሕትና ይመስላቸዋል። ተቃራኒው ነው። ድምፅ የሌለው ፈጣን ነገር ለፈረስ አውሬ ነው። ሲደነግጥ የሚጎዳው ከላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ ይቁሙ፣ ከብስክሌቱ ይውረዱ፣ በተዳፋቱ የታችኛው በኩል ይቁሙ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ ያውሩ። “እንደምን ዋሉ፣ በየት በኩል እንለፍ?” በቂ ነው። ፈረሱ የሰው ድምፅ ሲሰማ ይረጋጋል። ፈረሰኛው “እለፉ” ሳይል ማንም አይንቀሳቀስ።

ጭቃ ላይ መንዳት

ከዴንቨር በስተ ምሥራቅ ካለችው አውሮራ ተነሥቶ በትራፊክ መሀል እዚያ ድረስ የነዳ ወላጅ “መንገዱ ርሷል፣ ተመለሱ” ሲባል ይከፋዋል። ይገባኛል። ግን የዚህ አካባቢ አፈር ሸክላ ነው። ሲርስ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ ጎማው የተወውም ቦይ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። በቀጣዩ ቀን በእግሩ የሚመጣው ሰው ቁርጭምጭሚቱን የሚወለምመው እዚያ ላይ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው፤ ጎማችሁ የሚታይ ጥልቅ ዱካ ከተወ ተመለሱ። መሀል ላይ ትንሽ ጭቃ ከገጠማችሁ ደግሞ ወርዳችሁ በመሀሉ እለፉ፣ በሣሩ ዞራችሁ አይደለም። ሁሉም በዳር ሲዞር ነው ጠባቡ መንገድ ሰፍቶ የመኪና መንገድ የሚመስለው። ማለዳ በውርጭ የጠነከረው አፈር ረፋዱ ላይ እንደሚቀልጥም አትርሱ።

ሰሌዳውን ሳያነቡ መግባት

ይሄ በአንድ ደቂቃ የሚስተካከል ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ጎልደን ከተማ አጠገብ ያለው ሴንቴኒየል ኮን ፓርክ ቅዳሜና እሑድ በተራ ነው የሚሠራው፤ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ቀን የእግረኛ፣ ሙሉ ቁጥር ያለው የብስክሌት። ቦልደር ከተማ አጠገብ ያለው ቤታሶ ፓርክ ረቡዕና ቅዳሜ ለብስክሌት ዝግ ነው። ዩታ፣ ድሬፐር ከተማ ያለው ኮርነር ካንየን ውስጥ ደግሞ ለመውጫ ብቻ፣ ለመውረጃ ብቻ ተብለው የተለዩ መንገዶች አሉ። ጥሩ አሠራር ነው። ልጆቹ ራሳቸው ቀድመው ያንብቡትና ለቡድኑ ይንገሩ።

የሰው መንሸራሸሪያን የውድድር ሜዳ ማድረግ

ስትራቫ በሚባለው የነጂዎችን ሰዓት የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ ላይ የጓደኛውን ሰዓት ለመስበር የሚወርድ የ15 ዓመት ልጅ ጥምዝ ላይ ፍሬን አይዝም። ጥምዙን ዞሮ ግን ሕፃን ያዘለ ሰው ሊኖር ይችላል። በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ፣ የተራራ ብስክሌት በ1970ዎቹ በተወለደበት ሰፈር፣ ግጭቱ ብዙ ዓመት ቆይቶ የፍጥነት ገደብ እስከማውጣት አድርሷል። በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማየት በማይቻልበት ጥምዝ ላይ ወደ 8 ይወርዳል።

ሰዓት መያዝ ካስፈለገ ለዚያ የተሠራ ቦታ አለ። ቦልደር ውስጥ ቫልሞንት የብስክሌት ፓርክን ከተማው ራሱ ሠርቶ በ2011 ከፍቶታል። መግቢያም አይከፈልበትም። በሳምንት አንድ ቀን ልምምዱን እንደዚህ ዓይነት ቦታ ማድረግ መንገዶቹንም ያሳርፋል።

ልጁን አድርሶ መሄድ

እዚህ ላይ ለኛው ሰው ነው የምናገረው። ብዙዎቻችን ሁለት ሥራ ነው የምንሠራው፤ ልጁን አውርደን ወደ ሥራ እንሮጣለን። በዚያ አልፈርድም። እሑድ ውድድር ከቅዳሴ ጋር ሲጋጭም የየቤቱ ውሳኔ ነው። ግን ሦስት ጎረቤት ሦስት መኪና ከመያዝ አንዱ ሦስቱን ልጆች ይውሰድ፤ ጠባቡን ማቆሚያ የሚሞሉት የኛ መኪናዎች ናቸው።

በዓመት አንድ ቅዳሜ ደግሞ ለመንገድ ሥራ ስጡ። ናይካም ቲን ትሬይል ኮርፕስ የሚባል ለልጆቹ ያዘጋጀው ፕሮግራም አለው። አካፋና ጓንት ይሰጣችኋል፤ ከቤት ውኃና ትንሽ ቆሎ መያዝ ነው። እኔና ልጄ ባለፈው ጸደይ ሄድን። መንገዱን አቋርጦ ውኃ የሚያስወጣ ቦይ ስትቆፍር አራት ሰዓት ፈጀባት። እጇ ውኃ ቋጠረ። ከዚያ በፊት ጥምዝ ላይ የኋላ ጎማዋን ቆልፋ አፈር እየበተነች መንሸራተት ትወድ ነበር። አሁን ታናናሾቿ ሲያደርጉት “እዚህ አይደለም!” ብላ ትጮኻለች።

በሳምንቱ በኃይል ዘነበ። መንገዱ ደርቆ ስንመለስ ከቡድኗ ተነጥላ ቦዩ ጋ ቆመች። ውኃው በቆፈረችው በኩል ወደ ሣሩ ወርዷል፤ ከበታቹ ያለው መንገድ አልተሸረሸረም። “አባዬ፣ ና እየው!” አለችኝ፤ ስልኳን አውጥታም ፎቶ አነሣችው።