ከወሎ ወጥታችሁ ሜሪላንድ ለገባችሁ ወላጆች፦ ሺፍትና ልጅ

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ሐይቅም ሆነ ከሚሴ፣ እናት ገበያ ስትወጣ ልጇን ለጎረቤት አደራ ትላለች፤ ጎረቤት ከሌለ ታላቅ እህቱ ታዝለዋለች። ሜሪላንድ ላይ ግን እህትየዋን ማመን ከሕግ ያጋጫል። ከ8 ዓመት በታች ያለን ልጅ ቤትም ሆነ መኪና ውስጥ ብቻውን ትቶ መሄድ ክልክል ነው፤ ጠባቂው ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው፣ የሚታመን ሰው መሆን አለበት። የ10 ዓመቷ ልጃችሁ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን የ4 ዓመት ወንድሟን መጠበቅ አትችልም። «ዳቦ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ መኪና ውስጥ መተውም ያው ነው።

ስለዚህ ብዙ ባልና ሚስት አንዱ ቀን፣ አንዱ ማታ ይሠራሉ። የዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) ወጪ ይቀንሳል፤ ችግሩ ያለው ርክክቡ ላይ ነው። እሷ ከሥራ የምትወጣው እሱ ሥራ በሚገባበት ሰዓት ከሆነ፣ መንገዱ የሚፈጀው ጊዜ ልጁን የሚይዝ ሰው አይኖርም። ሺፍት ስትቀበሉ በመካከል አንድ ሰዓት ተኩል አስተርፉ፤ በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ሰዓት። ሌሊት ሠርቶ ቀን ልጅ የሚይዝ ሰው ደግሞ መተኛት አለበት። እንቅልፍ ያሸነፈው ወላጅና የነቃ የ2 ዓመት ሕፃን አንድ ቤት ሲውሉ አደጋ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እንኳ ዴይኬር ይዋል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ የዴይኬር ክፍያ ለሚያግዘው የመንግሥት ድጋፍ፣ ለቻይልድ ኬር ስኮላርሺፕ አመልክቱ፤ ሁለታችሁም ሥራ፣ ሥልጠና ወይም ትምህርት ላይ መሆናችሁን ይጠይቃል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉት ነፃው የቅድመ ትምህርት ፕሮግራም፣ ሄድ ስታርት አለ። የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ካልመጣችሁ ከአገር ቤት አስልኩ፤ ከጠፋ ልጁ እንደገና ሊወጋ ይችላል።

ሰዓት ስትጽፉ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። ዴይኬሩ «6 ሰዓት እንዘጋለን» ሲል የእኛ 12 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ለዘገየ ወላጅ ብዙዎቹ በየደቂቃው ያስከፍላሉ።

ትኩሳት ያለበትን ልጅ መድኃኒት አጠጥታችሁ አትላኩ። እኩለ ቀን ላይ ይመለስበታል፣ ከሥራ ትጠራላችሁ፣ ያለ መድኃኒት ትኩሳቱ ጠፍቶ 24 ሰዓት እስኪቆይም አይቀበሉትም። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በየ30 የሥራ ሰዓቱ 1 ሰዓት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ይይዝላችኋል፤ ለታመመ ልጅም ይሆናል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ 106 ቀናት ላይፈቀድላችሁ ስለሚችል፣ ለዚያ ጊዜ የሚደርስላችሁን ሰው ከወዲሁ ያዙ። የፌዴራል መንግሥቱ የ12 ሳምንት የቤተሰብና የሕመም ፈቃድ (FMLA) ክፍያ የለውም፤ 12 ወርና 1,250 ሰዓት ላልሠራ ሰውም አይሰጥም።

አለቃችሁን አንድ የጋራ የዕረፍት ቀን ጠይቁ፣ በጽሑፍ። ወሎ ላይ ቡና ያለ ምርቃት አይነሳም፤ በዚያ ቀን ልጆቹ ባሉበት አፍሉ። በአቦሉ የሳምንቱን ሺፍት ተነጋገሩ፣ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ በረካው ሲደርስ ልጆቹም ይመረቁ። ለአያት የምትደውሉትም ያኔ ይሁን፦ በፈረንጅ አቆጣጠር የሜሪላንድ ጠዋት 9 ሰዓት፣ ደሴ ላይ በእኛ አቆጣጠር በአሜሪካ በጋ 10 ሰዓት፣ በአሜሪካ ክረምት 11 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው።