ለችግር የተጋለጡ ልጆችን ስዕል እንዴት እናስለምድ? ከድሬዳዋ ቅዳሜዎች

"ቲቸር፣ ተበላሸብኝ።"

ድሬዳዋ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ልጆችን ስዕል ሳለማምድ ከሁሉ አብዝቼ የምሰማው ይህን ነው። ገና አንድ መስመር ሳይሰምሩ ተበላሸ ይላሉ። አንዱ ወረቀቱን ጨምድዶ ኪሱ ይከተዋል። ሌላዋ እርሳሱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ "አንተ ሳልልኝ" ትላለች።

ሊስትሮ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ከአያት ጋር የሚኖሩ አሉ። ሰው ቤት ተቀጥረው ልጅ የሚይዙ፣ ራሳቸው ገና ልጅ የሆኑ አሉ። ቀኑን ሙሉ "ና፣ ሂድ፣ አምጣ" ሲባሉ ይውላሉ። እነሱ የሚወስኑት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወረቀቱ ላይ ግን አዛዡ ልጁ ነው። ሰማዩን ቢጫ ቢያደርገው የሚቆጣው የለም። አንድ ልጅ በራሱ መተማመን የሚጀምረው የወሰነውን ነገር ሰው ሲያከብርለት ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለዚያ የሚሆን ዝግጅት ነው።

አንደኛ፦ ከወረቀቱ በፊት ሰውና ሰዓት

ለመጀመር ከ10 እስከ 12 ልጅ ይበቃል። ትልቅ ሰው ግን ሁልጊዜ ሁለት ይሁን። አንድ አስተማሪ ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ። በሩ ክፍት ይሁን፣ መስኮቱም እንዲሁ። ይህ ልጁንም እናንተንም ይጠብቃል።

የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወረቀት ልኮ ማስፈረም አይበቃም። ቤታቸው ሂዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ምን እንደምትሠሩ በአፋችሁ ንገሯቸው። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከሆነች አሠሪዋን አነጋግሩ። "በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ" ሲባሉ እሺ የሚሉ ብዙ ናቸው። ቀበሌ ወይም ትምህርት ቤት ቦታ ስትጠይቁ "ስዕል ቅንጦት ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31ን አሳዩት። ልጅ ሁሉ የመጫወትና በኪነ ጥበብ የመሳተፍ መብት እንዳለው ይላል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው።

ሰዓቱን ከልጆቹ ጋር ተማከሩ። እኔ መጀመሪያ ሦስት ሰዓት ላይ እንጀምር ብዬ ነበር። ሊስትሮዎቹ ቀሩ። ስጠይቃቸው፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው ጫማ የሚያስጠርገው ሰው የሚበዛው አሉኝ። ወደ አንድ ተኩል አመጣነው። ለድሬ ሙቀትም የተሻለው እሱ ሆነ። ከምሳ በኋላ አትሞክሩት። ከተማው ራሱ ጋደም የሚልበት ሰዓት ነው፣ ከለሩም እጅ ላይ ይለሰልሳል፣ ልጆቹም ያንቀላፋሉ።

የራበው ልጅ አይስልም። መጀመሪያ ሻይና ዳቦ ስጡ። እኛ ሳምቡሳ ሞክረን ነበር፤ ዘይቱ ከጣት ወደ ወረቀት እያለፈ ስላስቸገረ ትተነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልንገራችሁ። ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት የማትችሉ ከሆነ አትጀምሩ። እነዚህ ልጆች መጥቶ የሚጠፋ ሰው ብዙ አይተዋል።

ሁለተኛ፦ ዕቃው

ብዙ ብር አይጠይቅም። ካርቶን ከሱቅ ይለመናል፤ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ያሉ ነጋዴዎች ለልጆች ነው ስትሏቸው ራሳቸው ቆርጠው ይሰጣሉ። በአንድ በኩል የታተመበት ወረቀት ከየቢሮው ይገኛል። ከሰል፣ እርሳስ፣ ከለር፣ ነጭ ኮላ። ውሃ ለመያዣ ሀይላንድ ከወገቡ ቆርጣችሁ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑት፣ እጅ እንዳይቆርጥ። መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፉ።

ላጲስ አታምጡ። ላጲስ ካለ ልጁ ሁለቱን ሰዓት በማጥፋት ይጨርሰዋል። ላጲስ ሲጠፋ የተሳሳተውን መስመር ወደ ሌላ ነገር መቀየር ይለምዳል። የጠመመ እግር ዛፍ ይሆናል። ዛፉ ባይሆን ሌላ ነገር ይሆናል።

ዕቃው ለሁሉም ይዳረስ። ጥቂት አስቀምጦ ማሻማት ጉልበተኛውን ብቻ ነው የሚያበረታው። ከለር ቢጠፋ ደግሞ ልጅ አትፈትሹ። ብዙዎቹ በየሄዱበት "ሌባ" እየተባሉ የሚጠረጠሩ ናቸው። እኛ ጋ በየሳምንቱ አንድ ልጅ ዕቃ ያዥ ይሆናል። እሱ ቆጥሮ ያወጣል፣ ቆጥሮ ያስገባል። ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲቆም ብታዩት!

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያው ቀን

ጎበዝና ሰነፍ የሚለይበት ሥራ አትስጡ። ሁሉም በማይለምደው እጁ ይሳል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም በግራው፣ ግራኙ በቀኙ። እናንተም እንደዚያው። የሁሉም መስመር ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፍነው የራሳቸውን ፊት በጣታቸው እየዳሰሱ በሌላው እጅ ይሳሉ። ሳቅ ይነሳል። ያ ሳቅ ያስፈልጋችኋል፣ ምክንያቱም ማንም ማንም ላይ አይደለም የሚስቀው።

"ቤተሰባችሁን ሳሉ" አትበሉ። ለስንቱ ልጅ ቁስል እንደሆነ አታውቁም። እኔ አንድ ቀን ሳላስብ "ደቻቱን ሳሉ" ብዬ አውቃለሁ። የወንዙን አሸዋ፣ ድልድዩን ይስላሉ ብዬ ነበር። አንዲት ልጅ እርሳሱን አስቀመጠች። በ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ቤተሰባቸው ሰው አጥቷል። እሷ ያኔ አልተወለደችም፣ አያቷ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ታወራላታለች። ከዚያ ወዲህ ርዕስ ስሰጥ ሦስት አማራጭ እሰጣለሁ። አራተኛው ሁልጊዜ "የፈለጋችሁትን" ነው።

አራተኛ፦ እጃችሁን ከወረቀቱ አንሱ

ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ አህያ ስላ የኋላ እግሩ አልሆን አላት። እርሳሱን ተቀበልኳትና አስተካከልኩላት። አህያው አማረ። እሷ ግን ያን ወረቀት ዳግም አልነካችውም። ቤቷም አልወሰደችውም። የእኔ ሆኖ ነበር።

"ሳልልኝ" ሲሏችሁ የራሳችሁን ወረቀት አውጡና ጎን ለጎን ሳሉ። "እግሩ ከየት ነው የሚጀምረው? እስቲ አህያ ስታይ ትዝ ይበልሽ" በሉ። ውጪ አህያ ካለ አብራችሁ ሄዳችሁ እዩ። ድሬ ላይ አህያ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም።

አሥራ አንድ ዓመት የሚሆነው አንድ ሊስትሮ ልጅ ነበረን። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሳለው ወረቀቱ ጥግ ላይ አውራ ጣት የምታክል ባጃጅ ብቻ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ በክንዱ ከልሎ። "ትንሽ ተለቅ አድርጋት" ልለው አፌ ላይ ይመጣል። ተውኩት። አጠገቡ ተቀምጬ የራሴን እስላለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ካርቶንና ከሰል ይዘን ነበር። እሱ ከሰሉን ፈጨት አደረገው። ከዚያ ከሊስትሮ ሣጥኑ ንጹሕ ጨርቅ አወጣ። ጨርቁን ሁለት ጣቱ ላይ ጠቅልሎ፣ ልክ ጫማ እንደሚወለውል፣ ካርቶኑን ከዳር እስከ ዳር ወለወለው። ቶሎ ቶሎ፣ ክብ ክብ እያደረገ። ካርቶኑ ላይ ለስላሳ ግራጫ ሰማይ ወጣ። እኔ ለዓመታት ስሥል ከሰልን እንደዚያ አላለሰለስኩም። ጎኑ ያለው ልጅ አየና "አቦ እንዴት አርገህ ነው?" አለው። ቀና አለ። "ጨርቁን አታጥብቀው" ብሎ እጁን ይዞ አሳየው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አምስት ልጆች ከበውት ነበር። ባጃጇ በዚያ ቀን ካርቶኑን ሞላችው።

ያን ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም። ጫማ መጥረጉ፣ የሚያፍርበት ሥራ፣ ያስተማረው ነው። እንዲህ ያለ ነገር በየልጁ እጅ ውስጥ አለ። ሹሩባ የምትሠራዋ መስመር መከፋፈል ታውቃለች። ሊጥ የምታቦካዋ ጭቃ ስትነካ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው። እሱን ፈልጉ።

አምስተኛ፦ አነጋገራችሁ

"ጎበዝ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ለሁሉም የምትሉት ከሆነ ልጆቹ ቶሎ ይነቁበታል። ያያችሁትን ንገሩት። "ይሄን ጥግ ባዶ የተውከው አስበህበት ነው?" "ሦስት ዓይነት አረንጓዴ ተጠቅመሻል።" "ምንድነው ይሄ?" ከማለት "ስለሱ ንገረኝ" ይሻላል። መናገር ካልፈለገም ዝም ይበል።

"ተበላሸብኝ" ሲላችሁ "አይ፣ ያምራል" ብላችሁ አትሸፋፍኑት። አያምናችሁም። "የቱ ጋ ነው ያልወደድከው? ምን ብታደርገው ትወደዋለህ?" በሉት። ውድድርና ሽልማት አላስገባም። አንደኛ የሚወጣ አንድ ነው፣ የቀሩት አሥራ አንዱ ግን የሚያውቁትን ስሜት ይዘው ነው ቤታቸው የሚገቡት።

ስድስተኛ፦ ቀለም ከአፈር

ልጆቹ ከሁሉ የሚወዱት ቀን ይሄ ነው። ታሪክም አለው። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ገደሉ ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። እዚያ በተደረገው ቁፋሮ ከ4,000 በላይ የቀይና የቢጫ አፈር ድንጋዮች፣ በጠቅላላው 40 ኪሎ ግራም ያህል፣ ተገኝተዋል። የመፍጫ ድንጋዮችም አብረው ነበሩ። ዕድሜያቸው 40,000 ዓመት ገደማ ነው። ለገ ኦዳ በሚባለው ቦታ ደግሞ ዓለቱ ላይ የተሳሉ ከብቶች አሉ። ይህን ስነግራቸው አንዱ "እዚሁ እኛ ሰፈር?" አለኝ። አዎ፣ እዚሁ። ሌላ አገር ሄደን ልንማረው የሚገባ ነገር አይደለም፤ የዚህ አካባቢ ሰው በጣም ድሮ ቀለም ይፈጭ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከሰፈሩ እፍኝ አፈር ያምጣ። ቀይ፣ ቡኒ፣ ግራጫ፣ ነጣ ያለ። በድንጋይ አድቅቃችሁ በስስ ጨርቅ ንፉት። ሁለት ማንኪያ አፈር፣ አንድ ማንኪያ ነጭ ኮላ፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ። እንደ እርጎ ሲወፍር ይበቃል። ለቢጫ እርድ፣ ለጥቁር ከሰል፣ ለቡኒ የቡና አተላ ጨምሩ። ቀይ ስር ደስ የሚል ቀለም አለው፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይጠፋል። በርበሬ አይነካ፣ ዓይን ውስጥ ይገባል። በድሬ አየር ቀለሙ በደቂቃዎች ስለሚደርቅ በትንሽ በትንሹ በጥብጡ። አሸዋ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ በባልዲ አምጡላቸው። ልጆቹን ወደ ወንዙ አትውሰዷቸው፣ በተለይ በክረምት።

በዚያ ቀን ቀለማቱን በየቋንቋችን እንጠራለን። ለቀይ አንዱ በኦሮምኛ ዲማ ይላል፣ ሌላዋ በሶማልኛ ጉዱድ። አማርኛ ስለማይቀናት ሦስት ሳምንት ድምፅዋን ያልሰማናት ልጅ የሶማልኛውን ቀለም ሁሉ አስተማረችን። ስንሳሳት እየሳቀች አረመችን።

ሰባተኛ፦ ስዕሉ ከባድ ነገር ሲናገር

ከስዕል ተነስታችሁ ልጁን አትመርምሩ። ጥቁር የተጠቀመ ልጅ ሁሉ አዝኗል ማለት አይደለም። ነገር ግን አንዳንዴ ልጅ እየሳለ ድንገት ያወራል። መታኝ ይላል። ነካኝ ትላለች።

ያኔ አትደንግጡ፣ አትጠይቁ፣ አታጣድፉ። ስሙ። "ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" በሉ። "ለማንም አልናገርም" ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ፣ ልታፈርሱት ነውና። "የሚረዳን ሰው አማክራለሁ" በሉ። የተናገረችውን በራሷ ቃል ያኑ ዕለት ጻፉት። ከዚያ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ወይም የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ጋ ሂዱ። ጉዳት ካለ ሐኪም ዛሬውኑ። በደሉን አደረሰ የተባለውን ሰው ራሳችሁ ሄዳችሁ አትናገሩ፤ ዱላው ማታ ልጅቷ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስምንተኛ፦ ኤግዚቢሽኑና ስንብቱ

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ስዕሎቹን በገመድና በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ። የትኛው እንደሚሰቀል የሚመርጠው ልጁ ነው፣ ምንም አልሰቅልም ካለም መብቱ ነው። ስሙን በራሱ እጅ ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ካለ ቀደም ባሉት ሳምንታት ስሙን ብቻ አለማምዱት፤ እኛ ጋ ሁለት ልጆች መጀመሪያ የጻፉት ቃል እሱ ነው። አያቶችን፣ እናቶችን፣ አሠሪዎችን ጥሩ። ወንበሩን ከፊት ለእነሱ አድርጉ፣ ለእንግዳ አይደለም። የልጆቹን ፊት ፎቶ አንስታችሁ ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ። ስዕሉን መለጠፍ ከፈለጋችሁም መጀመሪያ ልጁን ጠይቁ።

ክፍሉ የሚያበቃ ከሆነ ከአራት ሳምንት በፊት ንገሯቸው። በየሳምንቱ "ሦስት ቀረን፣ ሁለት ቀረን" በሉ። በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ልጅ ከካርቶን የተሠራ የራሱን ማኅደር ይውሰድ። ሽፋኑን ራሱ የሳለው፣ ውስጡ ሁሉም ሥራው ያለበት፣ "ተበላሸ" ያለውም ጭምር። የሊስትሮው ልጅ ማኅደር ሣጥኑ ውስጥ አልገባ አለው። ጥቂት አሰበና ከላይ አድርጎ በጫማ ክር አሰረው፣ ባጃጇ ወደ ላይ እንድትታይ።