ከቀጠሮው ቀን በፊት፦ በሰሜን ሸዋ ገጠር ያሉ አረጋዊ ወላጅን ማሳከም

ልጆች አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ዐረብ አገር ናቸው፤ እናትና አባት መንዝ፣ መርሐቤቴ ወይም አንኮበር ቀርተዋል። ግፊቱ፣ ስኳሩና የጉልበቱ ቁርጥማት በአንድ ሰው ላይ ተደራርቧል። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ደግሞ ለአንድ ጤና መኮንን የግቢ ሙሉ ሰው ተሰልፏል። ታካሚው ከባለሙያ ፊት የሚቀመጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሷም «የሚውጡት መድኃኒት ምን ነበር?» «ነጭ ነው፣ ክብ» በሚል ምልልስ ታልቃለች። የባለሙያ እጥረቱን ቤተሰብ አይፈታውም። ያችን አጭር ጊዜ ግን ለሕክምና ብቻ እንድትውል ማድረግ ይችላል፤ ሥራውም በአብዛኛው ከቀጠሮው በፊት ቤት ውስጥ የሚያልቅ ነው።

ወዴት ይኬዳል

በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። ጤና ኬላ ላይ የሚመደቡት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱም ለክትባትና ለእርጉዞች ክትትል ቤት ለቤት ስለሚዞሩ በሩ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ስልካቸውን ይዞ ከመሄድ በፊት መደወል ግማሽ ቀን ያተርፋል። ጤና ኬላ ግፊት ለመለካት ጥሩ ቦታ ነው። የመድኃኒት ክትትል የሚጀመረው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በላይ የሆነው እንደየወረዳው ወደ መሐል ሜዳ፣ አለም ከተማ፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋሮቢት ወይም አጣዬ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም ወደ ደብረ ብርሃን ይላካል።

ብዙ ቤተሰብ ይህን ሰንሰለት ዘልሎ በቀጥታ ደብረ ብርሃን ይወርዳል። ጤና መድን ላለው ሰው ይህ ውድ ስሕተት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ያለ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል ከሄደ ወጪው በሙሉ ወይም በከፊል በራሱ ላይ ይወድቃል፤ ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ግን ሌላ ነው። የመድኑን ደብተር ዓመታዊ እድሳት አስቀድመው ይዩ። መዋጮው የሚሰበሰብበት ወቅት ስላለው፣ ያለፈበት ደብተር የታመሙ ዕለት ቢታደስ ወዲያው ላያገለግል ይችላል። አቅም የሌላቸውና ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን መዋጮው በመንግሥት ድጎማ እንዲሸፈንላቸው በቀበሌ በኩል ይመረጣሉ፤ ምርጫው በሚካሄድበት ሰሞን ስማቸው መኖሩን ማጣራት የልጅ ሥራ ነው። የዓይን መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድኑ አይሸፈንም፤ ለእሱ ገንዘብ ለብቻ ይያዝ።

አንድ ደብተር፣ አንድ ከረጢት

ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ሽፋኑ ላይ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የጤና ጣቢያውና የሆስፒታሉ የካርድ ቁጥር፣ የሁለት ዘመድ ስልክ ይጻፍ። የካርድ ቁጥር የጠፋበት ሰው ካርድ ክፍል ውስጥ ማኅደሩ እስኪገኝ ይቆማል፤ ካልተገኘም አዲስ ካርድ ይወጣለታል። ያን ጊዜ የዓመታት ክትትሉ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ሐኪሙም ከዜሮ ይጀምራል።

ውስጡ በአራት ዓምድ ይከፈል፦ ቀን፣ ግፊት፣ ስኳር፣ የተለወጠ ነገር። መጨረሻው ገጽ ለመድኃኒቶቹ ነው። ከማሸጊያው ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሚወሰድበትን ሰዓት ይገልብጡ። እዚህ ላይ አደገኛ ወጥመድ አለ። አንዱ መድኃኒት በተለያዩ ፋብሪካዎች በተለያየ የንግድ ስም ይሸጣል። ጤና ጣቢያው የግፊት መድኃኒቱን አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ሰጥቶ ሳለ፣ ልጅ ከአዲስ አበባ በሌላ ማሸጊያ ያንኑ አምሎዲፒን ቢልክ፣ እናት «የልጄም ይድረሰኝ» ብለው ሁለቱንም ይውጣሉ። ከዚያ እግር ያብጣል፣ ሲነሡ ያዞራል፣ ይወድቃሉ። ከትልቁ የንግድ ስም በታች በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ስም ያመሳክሩ፤ ሁለቱ ከገጠሙ አንዱ ይቀመጥ።

የማብቂያ ቀኑም ያሳስታል። ማሸጊያው ላይ 08/2026 የሚል ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ነሐሴ 2018 ገደማ ያልቃል። በ2018 ያሉ አባት «ገና ስምንት ዓመት አለው» ቢሉ አይፈረድባቸውም። በእኛ አቆጣጠር ቀይራችሁ በወፍራም እስክሪፕቶ ማሸጊያው ላይ ጻፉበት።

በቀጠሮው ቀን መድኃኒቶቹ በሙሉ ከነማሸጊያቸው በከረጢት ይሂዱ፦ ከሱቅ የተገዛውም፣ የባህሉም። ለጉልበትና ለወገብ የሚገዛው ዲክሎፌናክ በተለይ መታየት አለበት። ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የግፊት መድኃኒት «አልሠራም» ተብሎ መጠኑ ከተጨመረባቸው አዛውንቶች ከረጢት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እሱ ነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻል እንደሆነ ባለሙያውን ይጠይቁ።

ግፊት ቤት ውስጥ መለካት

ቁጥሩ የሚጠቅመው በትክክል ከተለካ ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ ይግዙ፤ የእጅ አንጓው ዓይነት ብዙ ይሳሳታል። ከመግዛትዎ በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር ወስደው የክንዱን መሐል ዙሪያ ይለኩ። በብዛት የሚሸጠው መካከለኛ የመለኪያው ማሰሪያ ጨርቅ ከ22 እስከ 32 ሳንቲሜትር ለሆነ ክንድ ነው። ክንዳቸው ከዚያ የከሳ አዛውንት ላይ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ለወፍራም ክንድ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል።

መንዝ ላይ ያለ ትልቁ ችግር ልብስ ነው። ጋቢ፣ ሹራብ፣ ከላዩ ካፖርት። እጅጌውን ወደ ላይ ጠቅልለው ከላይ ቢጨምቁት ክንዱን እንደ ገመድ ያስረዋል፤ በሹራብ ላይ ቢያስሩትም ቁጥሩ አይታመንም። ቤቱን አሙቀው አንዱን እጅ ሙሉ በሙሉ ከእጅጌው ያውጡ፣ ጋቢውን በሌላው ትከሻ ላይ ይተዉት። ብርድ ራሱ ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ከውጭ እንደገቡ አይለኩ።

ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጣም። ሽንት ይሸናል። ከዚያ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፦ ጀርባ ተደግፎ፣ ሁለቱ እግሮች መሬት ነክተው፣ ሳይነባበሩ። መደብ ላይ እግር አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንም፤ ወንበር ይፈለግ። ክንዱ ጠረጴዛ ወይም ትራስ ላይ በልብ ትይዩ ይረፍ፤ ተንጠልጥሎ ከተለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ጨርቁ ከክርን እጥፋት 2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይታሰር። እየተለካ ወሬ የለም፤ ጎረቤት ቢመጣም ሰላምታው ይቆይ። ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይደገምና ሁለቱም ይጻፉ። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ጠዋትና ማታ የተለካ ሰባት ቀን፣ ክሊኒክ ውስጥ በጥድፊያ ከተለካ አንድ ቁጥር የበለጠ ለሐኪሙ ይነግረዋል።

ክሊኒክ ውስጥ ሲለካ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ግፊት ይባላል። 180/120 ወይም በላይ ካሳየ መጀመሪያ አረፍ ብለው እንደገና ይለኩ። አሁንም እዚያው ከሆነና የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም ወይም የንግግር መኮላተፍ ካለ ድንገተኛ ነው። ምንም ምልክት ከሌለ ደግሞ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በገዛ እጅ ሁለተኛ ክኒን መስጠት ግፊቱን በአንዴ አውርዶ ሊጥላቸው ይችላል።

ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነ ተቀምጠው ለክተው፣ ከቆሙ ከአንድና ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይድገሙት። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም በበለጠ ከወረደ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ በአዛውንት ላይ መውደቅና የዳሌ ስብራት ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

የቀጠሮው ዕለት

የገበያ ቀን ጤና ጣቢያው ይጨናነቃል፤ የክትትል ቀን ለይተው የሚሠሩ ጤና ጣቢያዎችም አሉ፣ ይጠይቁ። በባዶ ሆድ ስኳር የሚለካ ከሆነ 8 ሰዓት ምግብ አይቀመስም፣ ውኃ ግን ይጠጣል። የግፊት ክኒን በተለመደው ሰዓቱ ይዋጣል፤ የስኳር መድኃኒትና ኢንሱሊን ግን ለምርመራው ደም ተሰጥቶ ምግብ እስኪበላ ይቆያል። ዳቦና ስኳር በኪስ መያዝ አይረሳ፤ ወረፋው ረዝሞ ስኳር የሚያንሰው እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ከታየ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለ መድገም፣ ከዚያ ዳቦ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም።

ውኃ ለማሸነት የሚሰጠውን ክኒን (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ) ብዙ እናቶች የመኪና ጉዞ ቀን ይዘሉታል፤ መንገድ ላይ ማስቆም ያሳፍራቸዋል። ባለሙያው ይህን ካላወቀ መድኃኒቱ ያልበቃ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይነገረው። ኤናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒት የጀመረ ሰው ደረቅ ሳል ካስቸገረውም እንዲሁ። ሁለቱም መለወጫ አላቸው።

ሪፈር ከተጻፈ ከመውጣትዎ በፊት አራት ነገር ይዩ፦ የሚላክበት ክፍል፣ ምክንያቱ፣ ቀኑ፣ ማኅተሙ። ማኅተም ስለጎደለ ብቻ ከደብረ ብርሃን የሚመለስ ሰው አለ። ሆስፒታሎች ሪፈር የሚቀበል የሊያዞን ክፍል አላቸው፤ ስፔሻሊስቱ በየትኛው ቀን እንደሚያይ ጤና ጣቢያው ደውሎ እንዲያጣራ ይለምኑ። ሲመለሱ ደግሞ ሆስፒታሉ የሚጽፈውን የመልስ ወረቀት ለጤና ጣቢያው ያድርሱ። እሱ ካልደረሰ ጤና ጣቢያው በድሮው መድኃኒት ይቀጥላል። ወረቀት ሁሉ በስልክ ፎቶ ይነሣ።

ድንገት ሲሆን

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የወረዳውን አምቡላንስ ቁጥር ደግሞ ከጤና ጣቢያው አስቀድመው ይውሰዱ። አምቡላንሱ ምጥ ይዞ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል፣ መኪና እስከሚገባበት የሚያደርስ ቃሬዛና አራት ሰው ከእድሩ ጋር ቀድሞ ይነገር። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከጠፋ የጀመረበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ምግብ፣ ውኃ፣ አስፕሪን አይሰጥ፤ ዋግምት ሰዓት ይበላል። ራሱን የሳተ በጎኑ ይተኛ፣ ትንፋሽ ያጠረው ከፍ ብሎ ይደገፍ።

ጾም፣ ጸበል፣ ውርጭ

ሑዳዴ 55 ቀን ነው፤ እስከ ከሰዓት ሳይቀምሱ መዋል የስኳር ክኒኑን ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው አደጋ ነው። ከጾሙ በፊት በነበረው ቀጠሮ ሰዓቱና መጠኑ ይስተካከል፤ የንስሐ አባትም ቀድመው ይማከሩ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የሚሄድ ደግሞ ለሚቆይበት ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ይዞ ይሂድ፤ ጸበሉ መድኃኒት አቋርጡ አይልም፣ ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ ታስተምራለች።

የተከፈተ ኢንሱሊን ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ባይኖርም ሙቀት በማያገኘው ቦታ 4 ሳምንት ይቆያል። እንደ ሸዋሮቢት ባለ ቆላ ትንሽ ሸክላ በትልቅ ሸክላ ውስጥ አድርጎ፣ መሐሉን በረጠበ አሸዋ ሞልቶ ጥላ ውስጥ ማኖር ይረዳል። ደጋ ላይ ጠላቱ ተቃራኒው ነው፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መስኮት ጥግ ያደረ ኢንሱሊን ከረጋ ይጣላል፤ ቀልጦ ደህና ቢመስልም አይሠራም።

ስልክ ሲደወል

«ደህና ነዎት?» ብትሉ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ምንም አይነግርም። «ማሸጊያው ላይ ስንት ክኒን ቀረ?» በሉ። ባለፈው ሳምንት 21 ከነበረና በቀን አንድ ከሆነ ዛሬ 14 መሆን አለበት፤ 17 ካሉ ሦስት ቀን ዘለዋል፣ 10 ካሉ ደርበው ውጠዋል። 10 ሲቀር መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ መኖሩ ይጠየቅ፤ ከሌለ ከከተማ ለመላክ ጊዜ ይኖራል። በሰኔው ቀጠሮ ደግሞ የሁለት ወር መድኃኒት እንዲሰጣቸው ይጠይቁ፤ ሐምሌና ነሐሴ ወንዙ ሲሞላና መንገዱ ሲቆረጥ ቀጠሮው ያልፋል።