ተማሪው ራሱ የሚሰራው አሳይመንት እንዴት ይዘጋጃል? በኤአይ ዘመን ለምታስተምሩ መምህራን

«የኢትዮጵያን የዋጋ ግሽበት መንስኤዎች በዝርዝር አብራሩ። አምስት ገጽ፣ በግሩፕ።» ዛሬም እንዲህ ያለ አሳይመንት የምትሰጡ ከሆነ የምታርሙት የቻትጂፒቲን ጽሑፍ ነው። ከግሩፑ አንዱ ጥያቄውን ከቴሌግራም ኮፒ ያደርጋል፣ መልሱን ፔስት ያደርጋል፣ ሽፋኑ ላይ የሁሉንም ስም ከነአይዲያቸው ደርድሮ ያስረክባል። ተማሪን መውቀስ ብቻ የትም አያደርስም። ጥያቄውን መቀየር የኛ የመምህራን ሥራ ነው፣ ደግሞም ይቻላል። አንድ አሳይመንት ብቻ ምረጡና ከሱ ጀምሩ።

1. መጀመሪያ አሳይመንቱን ለኤአይ ስጡት

ጥያቄያችሁን ሳታሳምሩ፣ ልክ ተማሪ እንደሚያደርገው፣ ለቻትጂፒቲ ወይም ለጄሚናይ ስጡት። የመጣውን መልስ በራሳችሁ የማረሚያ መስፈርት አርሙት። ከ20 ማርክ 15 ካገኘ ያ ጥያቄ የተማሪን ችሎታ አይለካም። የደከመበትን ቦታ ግን ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ የሚደክመው ሊያየው የማይችለውን ነገር ሲጠየቅ ነው፦ ክፍል ውስጥ የተከራከራችሁበትን ነጥብ፣ ላብ ውስጥ የተለካውን ቁጥር፣ የሰፈሩን ገበያ። አዲሱን ጥያቄ የምትገነቡት እዚያ ላይ ነው።

2. ጥያቄውን መሬት አስነኩት

ያው የዋጋ ግሽበት ጥያቄ እንዲህ ቢቀየርስ? «ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ስኳርና ሳሙና ያዙ። ለአራት ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ገበያ ዋጋቸውን መዝግቡ። ዋጋው ለምን እንደተለወጠ ቢያንስ ሁለት ነጋዴዎችን ጠይቁ። ከዚያ ያገኛችሁትን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ከሚያወጣው የዋጋ ግሽበት ቁጥር ጋር አነጻጽሩ። ልዩነቱ ከየት መጣ?»

እዚህ ላይ ኤአይን መከልከል አያስፈልግም። እንዲያውም ሁለተኛውን ክፍል በሱ አሰሯቸው፦ የዋጋ ግሽበትን መንስኤ ቻትጂፒቲን ይጠይቁ፣ መልሱን ያያይዙ፣ ከዚያ በገዛ መረጃቸው ይተቹት። በሐምሌ 2016 የተደረገውን የውጭ ምንዛሪ ለውጥ አንስቷል? ነጋዴዋ ስለ ትራንስፖርት የነገረቻቸው ምክንያት መልሱ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ይህን የሰራ ተማሪ ኢኮኖሚክስም ይማራል፣ ማሽን ያለውን ሁሉ አሜን ብሎ አለመቀበልንም ይለምዳል፤ ለኔ ከሁሉም ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

ቁጥር ፈጥረው የሚያመጡ ይኖራሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ በእጅ የጻፉትን መዝገብ ፎቶ አንስተው ይላኩ።

3. አናግሯቸው

ዋናው መቆለፊያ ይሄ ነው። 60 ተማሪ ያለበት ሴክሽን አምስት አምስት ሆኖ ሲመደብ 12 ግሩፕ ይሆናል። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ብትሰጡ አንድ ሰዓት ነው፣ አምስት ገጽ ወረቀት 12 ጊዜ ከማንበብ ብዙም አይበልጥም። የሚመልሰውን ሰው እናንተ ምረጡ፣ ግሩፑ አይምረጥ። ጥያቄው ቀላል ይሁን፦ «ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሽንኩርት ለምን ቀነሰ?» የሰራው ሰው ሳይጨነቅ ይመልሳል፣ እንግሊዝኛው ቢሰናከልበት እንኳ በአማርኛ ወይም በሚችለው ቋንቋ እንዲያስረዳ ፍቀዱለት። ከ20 ማርክ 8ቱን ለዚህ መድቡ፤ ማርክ ከሌለው ማንም ተዘጋጅቶ አይመጣም።

4. ደንቡን ኮርስ አውትላይኑ ላይ ጻፉት

በቃል ተናግራችሁ አትለፉ። ሰዋስው ማረም ይፈቀዳል? ሐሳብ ማመንጨትስ? ሙሉ ጽሑፍ ማሰራትስ? በሦስት አራት መስመር ግልጽ አድርጉት። ኢንተርኔትም ሆነ ስማርትፎን የሌለው ተማሪ መኖሩንም አትርሱ፤ ኤአይ ግዴታ የሆነበትን ክፍል በግሩፕ ስልክ ወይም በኮምፒውተር ላብ እንዲሰሩት አመቻቹ።

5. በኤአይ መለያ ሶፍትዌር ተማሪ አትቅጡ

በዚህ ነገር ጠበቅ ብዬ ነው የምናገረው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ሰባት መለያዎችን ፈትሸው ነበር። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ራሳቸው ከጻፏቸው 91 የቶፍል (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላዩን «ኤአይ የጻፈው ነው» ብለው ፈረዱ። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይም ራሱ ያወጣውን መለያ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ከአገልግሎት አንስቶታል። የኛ ተማሪዎች እንግሊዝኛን የሚጽፉት ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው አድርገው ነው። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ኤፍ መስጠት ግፍ ነው። ጽሑፉን ለቻትጂፒቲ ሰጥቶ «አንተ ነህ የጻፍከው?» ብሎ መጠየቅም አይሰራም፣ አያውቅማ። ከተጠራጠራችሁ ተማሪውን ጠርታችሁ ስለ ጽሑፉ ጠይቁት።

6. ለራሳችሁ ሥራ ስትጠቀሙበት

ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ የምርጫ ጥያቄ ማዘጋጀት ብዙ ጊዜ ይወስዳል። «ስለ ዋጋ ግሽበት 10 ጥያቄ አውጣልኝ» ካላችሁት የሚመጣው የሽምደዳ ጥያቄ ነው። የሞጁላችሁን አንድ ምዕራፍ ስጡትና እንዲህ በሉት፦ «ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አምስት ጥያቄ አውጣ፣ እያንዳንዱ በአጭር ታሪክ ይጀምር፣ የተሳሳቱት ምርጫዎች ተማሪዎች በተለምዶ የሚሳሳቱትን ይዘው ይምጡ፣ እያንዳንዱ ለምን ስህተት እንደሆነ አስረዳ።» ከዚያ መልሱን ራሳችሁ ሰርታችሁ አረጋግጡ። ትክክለኛው ምርጫ ከሌሎቹ ረዝሞ እንደሆነም እዩ፣ ብዙ ጊዜ ይረዝማል፣ ጎበዝ ገማች ደግሞ ይህን ያውቃል።

ማጣቀሻ ከጠየቃችሁት የሌለ መጽሐፍ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ስለዚህ አንድ በአንድ ፈልጋችሁ ያላገኛችሁትን ሰርዙ። ከራሳችሁ ሞጁል ብቻ እንዲመልስ ከፈለጋችሁ የጉግሉን ኖትቡክኤልኤም ሞክሩ፤ ፒዲኤፉን ስትጭኑለት መልሱን ከየትኛው ክፍል እንዳመጣው ያሳያችኋል።

የተማሪ ስም፣ አይዲና ውጤት ያለበትን ፋይል ግን የትኛውም ላይ አትጫኑ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የውጤት ትንተና ካስፈለጋችሁ ስሙንና አይዲውን አጥፍታችሁ ቁጥሮቹን ብቻ ስጡት።