ከክረምት በኋላ የመዋኛ ገንዳ ሲከፈት የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሐምሌና ነሐሴን ተዘግቶ የከረመ ገንዳ ለእንቁጣጣሽ እንግዳ ይድረስ ተብሎ በችኮላ ሲከፈት የሚያመጣው ጣጣ በየዓመቱ ተመሳሳይ ነው። ቅጠሉ ተለቅሟል፣ ፓምፑ ይሠራል፣ የአሸዋ ማጣሪያው ታጥቧል ብዬ ልነሣ።

ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ክሎሪን ቢጨመርም አይለወጥም

መስከረም በጠባ ቁጥር የምጠራው ለዚህ ነው። ስደርስ አንድ በርሜል ክሎሪን አልቆ ሁለተኛው ተጀምሯል፤ ውሃው ግን ያው ጎመን ነው።

ምክንያቱ የክሎሪን ማነስ ሳይሆን የፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወጣ አሲድነቱ ይቀንሳል) መውጣት ነው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ፀሐይ ሲያገኝ በውሃው ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚመጥ ፒኤቹ ከ8.5 በላይ ይወጣል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ የጉድጓዱ ውሃ ራሱ ፒኤችን ከፍ የሚያደርገው ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። ፒኤች 7.5 ላይ ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ጀርም የመግደል ኃይል አለው፤ 8 ላይ ወደ ሩብ፣ 8.5 ላይ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የዱቄት ክሎሪን በተጨመረ ቁጥር ደግሞ ፒኤቹን ሽቅብ ይገፋዋል።

ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ሎጅ የጥገና ሠራተኛ «ክሎሪኑ የተበላሸ ነው፤ ስንለካው ዜሮ ነው» ብሎ ተቀበለኝ። የመመርመሪያው ጠብታ ሲገባ ውሃው በቅጽበት ሮዝ ሆነና ወዲያው ነጣ። ክሎሪን የሌለው ውሃ ከመጀመሪያውም ሮዝ አይሆንም። አንድ እጅ የገንዳ ውሃ በዘጠኝ እጅ የታሸገ ውሃ አቅጥኜ ስለካ ደማቅ ሮዝ ወጣ፤ ክሎሪኑ ከመብዛቱ የተነሣ ቀለሙን እያጠፋው ነበር። ፒኤች የሚለካው ቀይ ጠብታም ክሎሪን ሲበዛ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ስለሚሄድ ያሳስታል። ስለዚህ ፒኤች የሚለካው ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ነው።

መፍትሄው፦ በቅድሚያ ፒኤቹን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወደ 7.2 አውርዱ። ለ100 ሜትር ኩብ ውሃ 2 ሊትር ባለ 32 በመቶ አሲድ አልካላይኒቲውን (ውሃው ፒኤቹ እንዳይለወጥ አሲድን የሚቋቋምበትን አቅም) በ10 ሚሊ ግራም በሊትር ይቀንሳል። ፓምፑ እየሠራ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ጥቂት ሰዓት ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ። ከዚያም ፀሐይ ስትጠልቅ ለ100 ሜትር ኩብ 1.5 ኪሎ ባለ 65 በመቶ ዱቄት ክሎሪን በውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፤ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ይሰጣችኋል። ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ፤ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ። ማጣሪያው አልጌውን ሲይዝ ግፊቱ ስለሚጨምር ጠዋት እጠቡት።

አሲዱን ውሃ በያዘ ባልዲ ላይ እንጂ ውሃን አሲድ ላይ አታፍስሱ። አሲድና ክሎሪን በአንድ ባልዲ፣ በአንድ መለኪያ፣ በአንድ መደርደሪያ ፈጽሞ አይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የዱቄት ክሎሪንና የክሎሪን ኪኒንም አትቀላቅሉ፤ እሳት ይነሣል። በፌስታል ተመዝኖ የሚሸጥ፣ ስምም ቀንም የሌለው ክሎሪን አትግዙ፤ እርጥበት ከነካው ኃይሉ እየደከመ ስለሚሄድ የምትጨምሩት ምን ያህል እንደሆነ አታውቁም።

ክሎሪን ሲገባ ውሃው እንደ ወተት ይነጣል

በዱቄት ክሎሪኑ ውስጥ ያለው ካልሲየም፣ ካርቦኔት ከበዛበት ውሃ ጋር ሲገናኝ የኖራ ድንጋይ ብናኝ ይሠራል። ፒኤቹን አውርዱ፣ ወደ ፈሳሽ ክሎሪን ተሻገሩ፣ ማጣሪያው ሥራውን ይሥራ። ፈሳሽ ክሎሪንም ፒኤች ከፍ ስለሚያደርግ መለካቱን አታቁሙ። የታችኛው የውሃ መውጫ ክዳን ከዳር ሆናችሁ ካልታያችሁ ክሎሪኑ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ፒኤቹም ከ7.2 እስከ 7.8 ቢሆን እንኳ ማንንም አታስገቡ። የሰጠመ ሰው አይታይም። ባለቤቱ ቢቆጣም ይቆጣ።

ፒኤቹ ዛሬ 7 ነገ 8 ይሆናል

የክረምቱ ዝናብ አልካላይኒቲውን አቅጥኖታል። ከ80 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ከሆነ ለ100 ሜትር ኩብ 1.7 ኪሎ ቤኪንግ ሶዳ በ10 ከፍ ያደርገዋል፤ ከ80 እስከ 120 ይበቃል።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

ክሎሪን ሲገባ ሻይ የሚመስል ውሃ፦ ከጉድጓዱ የመጣ ብረት ነው፤ እስኪጠራ አጣሩ፣ ማጣሪያውን ደጋግማችሁ እጠቡ። ጥርት ብሎ አረንጓዴ የሆነ ውሃ፦ መዳብ ነው፤ መዳብ ያለበትን የአልጌ መድኃኒት አቁሙና ከውሃው ከፊሉን ለውጡ።