የተራራ ወንዝና የፏፏቴው ጉልበት እንዴት ይለካል?

ፏፏቴ ባለበት አገር ሁሉ «ይሄ ውሃ መብራት አያወጣም ወይ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። መልሱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በሴኮንድ የሚያልፈው የውሃ መጠንና ውሃው የሚወርድበት ከፍታ። ሁለቱንም ውድ መሣሪያ ሳይገዙ መለካት ይቻላል።

ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ወቅቱ ነው። በነሐሴ የሚያስገመግም ፏፏቴ በሚያዝያ ድንጋዩን አርሶ ብቻ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ለሥራ የሚሆነው ቁጥር ውሃው እጅግ ሲቀንስ የተለካው ነው፤ በብዙው ደጋ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ በልግ በሚዘንብበት አገር ደግሞ ቀደም ብሎ በጥርና በየካቲት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

የሜትር መለኪያ፣ ሲባጎ፣ አራት ችካል፣ በሴንቲሜትር የተመለከተ የ2 ሜትር ዱላ፣ ሰዓት ቆጣሪ ያለው ስልክ፣ አምስት ስድስት ብርቱካን፣ እንዲሁም ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት 10 ሜትር ያህል ግልጽ ጎማ። ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሦስት ቢሆን ይሻላል።

1. ቦታ ምረጡ

ወንዙ 10 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የሚሄድበት፣ ወርዱና ጥልቀቱ ብዙ የማይለዋወጥ፣ ውሃው የማይሽከረከርበት ቦታ ፈልጉ። የተራራ ወንዝ ትልልቅ ድንጋይ ስለሚበዛበት ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ተስፋ ሳትቆርጡ ዳርዳሩን ሂዱ። ከፏፏቴው አፋፍ በላይ አጠገቡ ላይ ግን በፍጹም ወንዝ ውስጥ አትግቡ፤ የረጠበ ድንጋይ ያንሸራትታል፣ ከወደቁ በኋላ የሚያዝ ነገር የለም። ፈጣን ውሃ ከጉልበት ካለፈም ሰው ይጥላል።

2. ውሃው የሚያልፍበትን ስፋት ለኩ

ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሩ፤ በየ1 ሜትሩ፣ ጠባብ ከሆነ በየ50 ሴንቲሜትሩ፣ ዱላውን እስከ ወለሉ አስገብታችሁ ጥልቀቱን ጻፉ። ለምሳሌ ወርዱ 4 ሜትር ሆኖ በየሜትሩ የተገኘው ጥልቀት 0.30፣ 0.45 እና 0.35 ሜትር ቢሆን፣ ድምሩ 1.10 በ1 ሜትር ሲባዛ 1.10 ካሬ ሜትር ይሆናል።

3. ፍጥነቱን ለኩ

በ10 ሜትር ርቀት ሁለት ሲባጎ ወጥሩ። ብርቱካኑን ከመጀመሪያው ሲባጎ 2 ሜትር ያህል ቀደም ብላችሁ መሐል ለመሐል ልቀቁትና በሁለቱ ሲባጎዎች መካከል የወሰደበትን ሴኮንድ ቆጥሩ። ብርቱካን የሚመረጠው አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ነው፤ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ንፋስ ይገፋዋል። ድንጋይ ይዞ ያቆመውን ሙከራ ጣሉት፤ የቀሩትን አምስት ያህል ሙከራዎች አማካይ ውሰዱ። 12.5 ሴኮንድ ከሆነ ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.8 ሜትር ነው።

ይህ ግን የላይኛው ውሃ ፍጥነት ብቻ ነው። ከወለሉ አጠገብ ያለውን ውሃ ድንጋዩ ይይዘዋል። ስለዚህ ወለሉ ደልዳላ ከሆነ በ0.65፣ ውሃው ጥልቀት የሌለውና ድንጋያማ ከሆነ በ0.45 አባዙት። ከዚያ ፍጥነቱን ቀደም ብሎ በተገኘው ስፋት ስታባዙት የውሃውን መጠን ታገኛላችሁ፤ 1 ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው። በምሳሌያችን የመጀመሪያው በሴኮንድ 570 ሊትር ገደማ፣ ሁለተኛው 400 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ከተጠራጠራችሁ ትንሹን ያዙ።

ምንጭ የሚያህል ጅረት ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ውሃውን በቆርቆሮ ሰብስባችሁ ጀሪካን ሙሉ። 20 ሊትሩ በ4 ሴኮንድ ከሞላ፣ በሴኮንድ 5 ሊትር ነው።

4. ከፍታውን ለኩ

የስልክ ከፍታ መለኪያ አሥር ሜትርና ከዚያም በላይ ሊስት ስለሚችል ለዚህ አይሆንም። ጎማውን ውሃ ሙሉት፣ በፏፏቴው ጎን ባለው መንገድ ከላይ ጀምራችሁ ውረዱ። የላይኛው ሰው በጎማው ውስጥ ያለውን ውሃ ከመነሻው ነጥብ ጋር ያስተካክላል፤ የታችኛው ሰው በእሱ በኩል ውሃው የቆመበትን ከፍታ ከዱላው ያነባል፣ ለምሳሌ 1.40 ሜትር። ከዚያ የላይኛው ሰው የታችኛው ቆሞበት ወደነበረው ነጥብ ይወርዳል፤ እንዲህ እያላችሁ እስከ ታችኛው ኩሬ ድረስ ትደምራላችሁ።

ስህተት የሚገባው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ንባቡ ሐሰት ነው፤ በጣት እየመታችሁ አስወጡት። ሁለተኛ፣ ስትንቀሳቀሱ ውሃው እንዳይፈስ ጫፎቹን በአውራ ጣት ትደፍናላችሁ፤ ስታነቡ ሁለቱም ካልተከፈቱ ውሃው እኩል አይቆምም። ከታች ወደ ላይ ደግማችሁ ለክታችሁ ውጤቱን አስተያዩ።

5. ጉልበቱን አስሉ

ኪሎዋት = 9.81 × ውሃው (በሴኮንድ ሜትር ኪዩብ) × ከፍታ (ሜትር) × 0.5። የመጨረሻው ግማሽ በቧንቧው፣ በተርባይኑና በጄኔሬተሩ የሚባክነውን ይቀንሳል። በበጋ በሴኮንድ 60 ሊትር (0.06 ሜትር ኪዩብ) ብቻ የሚቀርበት ባለ14 ሜትር ፏፏቴ 4 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ለብዙ ቤት አምፖልና ለስልክ ቻርጅ ግን ይበቃል።

ውሃውን ሁሉ ወደ ቧንቧ ማስገባትም አይገባም፤ ውሃው ከሚጠለፍበት በታች ያለ ከብት፣ መስኖና ዓሣ አለ። ጢስ ዓባይን ያየ ያውቀዋል፦ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው ባለ11.4 ሜጋዋት የመብራት ማመንጫ፣ በ2001 የተጨመረው ባለ73 ሜጋዋት ማመንጫ፣ ከዚያም በ2010 ከጣና ሐይቅ ወደ በለስ ወንዝ የተወሰደው ውሃ ተደማምረው፣ ፏፏቴው ሙሉ ግርማውን የሚያሳየው በአብዛኛው በክረምትና በመስከረም ሰሞን ሆኗል።

ደራሽን ተጠንቀቁ

እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ቢሆንም ላይ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ዕቃውን ትታችሁ ወደ ከፍታ ውጡ።

ከለካችሁ በኋላ

ከማይነቃነቅ ቋጥኝ ላይ በቀለም የሴንቲሜትር ምልክት ቀቡ፤ የለካችሁበት ዕለት ውሃው የደረሰበትን ምልክት ከውጤቱ ጋር ጻፉ። መለኪያውን በተለያየ ወር ሦስት አራት ጊዜ ከደገማችሁት፣ ከዚያ በኋላ አንድ የአካባቢው ሰው ጠዋት ጠዋት ምልክቱን እያየ ቢመዘግብ የዓመቱን ፍሰት ወንዝ ውስጥ ሳትገቡ ታገኙታላችሁ። ከትልቅ ጎርፍ በኋላ ግን የወንዙ ወለል ስለሚቀየር መለኪያውን እንደገና ሥሩት።